ጃኬቱን ከመቀመጫ ሥር አውጡልን

ይድረስ፦ በዘንገና ሐይቅ ላይ የጀልባ መዝናኛ ፈቃድ ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት

ጉዳዩ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ስለ መቅዘፍ

ጤና ይስጥልኝ። እንጅባራ የምኖር የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ግን ዘጌ ነው። አባቴ በታንኳ ማገዶ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ሲሻገር እኔ ከጭነቱ ላይ ተንጠልጥዬ እሄድ ነበር። ዋና ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም፤ መራመድ ማን እንዳስተማረኝም አላስታውስም። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም። ባለፈው ታኅሣሥ ዘንገና ውስጥ ልቀር የነበርኩት ዋና አጥቼ እንዳልሆነ ከወዲሁ እንድታውቁልኝ ብዬ ነው።

አንድ ወዳጄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ የፕላስቲክ ካያክ መኪናው ጣሪያ ላይ አስሮ መጣ። ጠዋት ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሣሩ ላይ ውርጩ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ወጥታ ትከሻ ማቃጠል ጀመረች፤ ሹራቤን አወለቅሁ። ወዳጄ ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ጃኬት) ቢሰጠኝ «ይሞቀኛል፣ ደግሞ እኔ የጣና ልጅ ነኝ» ብዬ ከመቀመጫው ኋላ በናይለን ገመድ አሰርኩት። ቋጠሮውን እንዳይፈታ አጥብቄ ነበር የቋጠርኩት።

ከዳር ሠላሳ ሜትር ያህል ርቄ ነበር። ዛፍ ላይ ያለች ጦጣ ፎቶ ላነሣ ዘንበል አልኩ፤ ካያኩ ተገለበጠ።

መጀመሪያ የሄደው ትንፋሼ ነው። ሳላዘው አፌ ተከፈተና ሳበ፤ የሳበውም ግማሹ አየር፣ ግማሹ ውሃ ነበር። ከዚያ ትንፋሹ አልቆም አለኝ፤ እንደ ሮጠ ውሻ አለከለክሁ። እጄና እግሬ ዋና ያውቃሉ፤ ዋና ግን በትንፋሽ ነው የሚሄደው፤ ትንፋሹ ደግሞ የኔ አልነበረም። ካያኩን ይዤ በአንድ እጄ ጃኬቱን ልፈታ ታገልሁ። የረጠበ የናይለን ቋጠሮ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? በደረቅ መሬት፣ በሁለት እጅ፣ በጥርስም ያስቸግራል። ጃኬቱ ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ ርቆ ቁጭ ብሎ ያየኝ ነበር።

ከጓደኛዬ ቀድሞ ያየኝ አንድ እረኛ ነው። እያንቦጫረቅሁ ወደ ዳር ስጠጋ በአገውኛ ጮኸ። ቃሉ አልገባኝም፤ የወረወረልኝ ጅራፍ ግን ገባኝ። ጫፉን ይዤ ወጣሁ።

አንድ አዛውንት ቤት አስገብተው እሳት አነደዱልኝና «ጠጣ ልጄ፣ ሆድህን ያሙቀው» ብለው አረቄ ቀዱልኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ ጠጣሁ። በኋላ ስመለከተው ግን ይህም ስሕተት ነው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ የቀረችውን ሙቀት ወደ ውጭ እየሰጠ ነው። የሚሻለው እርጥብ ልብሱን ማውለቅ፣ በደረቅ ጋቢ መጠቅለልና ራሱ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ነው።

እንግዲህ የፊዚክስ መምህር ነኝና ሳልመረምር አልተኛሁም። ውሃ ከአየር በሃያ አምስት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ የሰውነትን ሙቀት ይወስዳል። በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ራሳቸው በረዶ ውሃ ውስጥ እየገቡ ሲያጠኑ ኖረው 1-10-1 የሚባል ቀመር ለሕዝብ አውጥተዋል፦ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግሩ ሳይከዱት የሚረባ ነገር ለመሥራት 10 ደቂቃ፣ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ አለው። አብዛኛው ሰው ብርድ ቀስ ብሎ የሚገድል ይመስለዋል። ብዙ ሰው የሚወስዱት ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው፤ ጃኬት የሌለው ሰው በብርድ ደርቆ ሳይሆን ውሃ ስቦ ይሞታል።

በካናዳ አደጋው የሚበዛው በረዶው በቀለጠ ሰሞን ነው። ፀሐይ ትወጣለች፣ ሰው ክረምቱ ሰልችቶታል፣ በቲሸርት ካያኩን ይጎትታል፤ ውሃው ግን ከበረዶነት ከተላቀቀ ገና ሳምንቱ ነው። ስለዚህ እዚያ ያሉ ቀዛፊዎች የሚለብሱት ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ነው።

ዘንገና በረዶ አይሠራም፤ ይህን አውቃለሁ፤ «ጎጃምን ካናዳ አደረግኸው» እንዳትሉኝ። እዚህ በብርድ ብቻ ለመሞት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። የትንፋሽ መነጠቁ ግን በረዶ አይጠብቅም፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለ ውሃ ልክ እንደ በረዶ ውሃ ይበረታል፤ ውሃው ከዚያ ሞቅ ቢልም ላልለመደ ሰው አይቀርም። ዘንገና ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ የእሳተ ገሞራ አፍ ነው፤ ጥልቀቱ ከ150 ሜትር በላይ ነው። የጣና ጥልቁ ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ነው። ጣና ዳር የወደቀ ልጅ ብዙ ጊዜ ጭቃ ይረግጣል፤ ዘንገና ላይ ከዳር ጥቂት ፈቀቅ ካልክ የሚረገጥ የለም።

ጎብኚ የሚበዛው ደግሞ መቼ ነው? በጥምቀት ሰሞንና ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር። ሌሊቱ የሚያንቀጠቅጥበት፣ ቀኑ ጥርት ብሎ ፀሐይ የሚያታልልበት ወር ነው። የነሱ የበረዶ መቅለጫ የኛ ጥር ነው።

ይህን አሁን የማነሣው ተማሪዎቼ የነበሩ ልጆች ተደራጅተው ካያክ ሊያከራዩ ስላሰቡ ነው። ደስ ብሎኛል፤ ሥራ ይፈልጋሉ። በዚህ ዘመን ስለ መዝናኛ ጀልባ ይወራል ወይ የሚለኝ ሰው እንዳለም አውቃለሁ፤ ልጆቹ ግን ፎርሙን ሞልተዋል። ፎርሙን አሳይተውኝ ነበር፤ የመቀመጫ ብዛት፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ የቦታ ኪራይ ይላል። ስለ ጃኬት አንዲት መስመር የለችም።

የምለምናችሁ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ጃኬቱ ጀልባ ውስጥ «አለ» መባሉ አይበቃም፤ ሰውየው እግሩን ካያኩ ውስጥ ሳያስገባ ለብሶ፣ ዚፑን ዘግቶ፣ ማሰሪያውን አጥብቆ ይታይ። ዋና እችላለሁ የሚለው ይበልጥ ይለብስ፤ የኔ ዓይነቱ ነው። ልኩንም ማየት ቀላል ነው፤ አከራዩ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዞ ሽቅብ ይሳበው፤ እስከ ጆሮ ከወጣ ሰፊ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሰውየውን ጥሎ ብቻውን ይንሳፈፋል። ለሕፃን የአዋቂ ጃኬት ማልበስ ካለማልበስ ብዙ አይለይም፤ በእግሮቹ መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው የልጅ ጃኬት ከሌለ ልጁ ከዳር ሆኖ ጦጣ ይይ።

ታንኳን ለምዳችሁ ካያክንም በሷ እንዳትለኩት። ታንኳ ደንገል ናት፤ ብትገለበጥም ራሷ ትንሳፈፋለች፣ ትይዛታለህ፣ ትወጣባታለህ። ካያክ ሆዱ ባዶ ነው፤ አየር የያዘ የተዘጋ ክፍል ወይም ስፖንጅ ከፊትና ከኋላው ከሌለው ውሃ ሞልቶ አፍንጫውን ብቻ ያሳይሃል። ፈቃድ ከመስጠታችሁ በፊት አንዱን ዳር ላይ ገልብጡት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ሌላው አጭር ነው። ሰው ውሃ ላይ እያለ ዳር የምትጠብቅ አንዲት ጀልባና ሥራው መጠበቅ ብቻ የሆነ ሰው ይኑር፤ ወደ መሐል መግባት ይከልከል፤ ብቻውን የሚቀዝፍ አይኑር፤ ነፋስ ሲነሣ ሁሉም ይውጣ።

የውሃውን ሙቀት ደግሞ እስካሁን ሲለካ ያየሁት ሰው የለም። በገመድ የታሰረ ቴርሞሜትር ጠዋትና ቀትር አውርዶ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው። ቴርሞሜትሩን እኔ እገዛለሁ፤ ተማሪዎቼ ተራ ገብተው ይለካሉ። ከናንተ የምፈልገው ሰሌዳውን መግቢያው ላይ ለመትከል ፈቃድ ነው፤ ማመልከቻውን ሰኞ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
እንጅባራ የሚኖር የዘጌ ልጅ