ቆመ ብለህ እንዳትተወው

ጎንደር፣ ኅዳር 11

ልጄ፣ የኔ ጌታ፣

እህትህን አትቆጣት። "ለእማዬ እንዳትነግሪያት" ብለሃት ነበር አሉ። ለነገው የሚካኤል ዝክር እንጀራ እየጋገርኩ ሳለ አጠገቤ ቁጭ ብላ ነበር። ሆዷ አልችል አለና አወጣችው። አክንባሎው ከእጄ ወደቀ። እንጀራው አረረ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ እኛ ቆመን ቀረን።

ሽንትህ ሁለት ቀን ሥጋ የታጠበበት ውሃ መስሎ መጣ፤ በሦስተኛው ቀን ጠራ። አንተም "የአዋሽ ሙቀት ነው፣ ቆሟል" ብለህ ወደ ጥጥ ማሳህ ተመለስክ። ቆመ ብለህ እንዳትተወው። ደም ከሽንት ጋር አንዴም ቢታይ መነሻው መታወቅ አለበት።

"ምንም አያመኝም" ማለትህም እኔን አያጽናናኝም። የኩላሊት ጠጠር ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ጎንን ወግቶ ያንከባልላል። ኢንፌክሽን ቢሆን ያቃጥላል፣ ቶሎ ቶሎ ያስሮጣል። ሳያም ዝም ብሎ የሚመጣውን ደም ነው ሐኪሞች የሚፈሩት። ይህን የተማርኩት ከአባትህ አልጋ አጠገብ ነው።

ልጆች ስለነበራችሁ ሁሉንም አልነገርኳችሁም። በ2006 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ነው። የአባትህን ነጭ ቁምጣ ሳጥብ ከፊት በኩል ቡናማ ነጠብጣብ አየሁ። ስጠይቀው "ቀይ ስር በልቼ ነው" አለኝ። እውነትም ጾም ስለነበር ቀይ ስር ከማዕድ አይጠፋም ነበር። ቀይ ስር የአንዳንዱን ሰው ሽንት ያቀላል። የቲቢ ኪኒን የሚውጥ ሰውም ሽንቱ ይቀላል። ያ ቁምጣ ላይ ያየሁት ግን ቀይ ስር አልነበረም። ሦስት ልጅ ወልጃለሁ፣ ደም አውቃለሁ። አውቄም በሳሙና ደጋግሜ አሸሁት። ሲለቅልኝ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ቆመ። "ተመስገን" አልኩ። ክረምት ላይ ተመለሰ። አንድ ክሊኒክ ሄዶ ሽንቱን እንኳ ሳያዩ ኪኒን ሰጡት። አሁንም ቆመ። በጥቅምት የጉበት ቁራጭ የመሰለ የረጋ ደም መጣና ሽንቱን ዘጋው። ሌሊት በባጃጅ ስንወስደው በየጉድጓዱ ይጮህ ነበር። ፊኛውን በቱቦ አጠቡለት። ቆይቶ በካሜራ ሲያዩት ዕጢው የፊኛውን ጡንቻ ዘልቆ ነበር። ሐኪሙ "ደሙን መጀመሪያ ያያችሁት መቼ ነው?" ሲለኝ አባትህ ዞር ብሎ አየኝ። "በቅርቡ ነው" አልኩ። ዋሸሁ። ነፍሱን ይማረው፣ እሱም ዝም አለ። የቁምጣውን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አይዞህ ሆዴ፣ አንተ ገና 26 ዓመትህ ነው። የአባትህ በሽታ በአንተ ዕድሜ ብዙ አያጋጥምም። እኔ የጠረጠርኩት ቢልሃርዝያን ነው። በላክልን ፎቶ ላይ እስከ ወገብህ ረግረጉ ውስጥ ገብተህ ስትታጠብ አይቻለሁ። ልጅ ሳለህ መገጭ ወንዝ ስትዋኝ ይዤ የገረፍኩህን ረሳኸው? የኛ የጣና አካባቢ ቢልሃርዝያ አንጀትን ነው የሚይዘው። በአዋሽ ቆላ ያለው ግን ፊኛን ነው። ከቀንድ አውጣ የወጣችው ትል ውሃው ውስጥ በቆዳ ትገባለች። አድጋ የጣለችው እንቁላል የፊኛውን ግድግዳ እየበሳ ሲወጣ ያደማል። ይሄም ይመጣል፣ ይሄዳል። ቆመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። ለዓመታት ከተተወ እሱም ራሱ የፊኛ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በኪሎህ ተለክቶ ይሰጣል። ከፋርማሲ ገዝተህ እንዳትውጥ! መጀመሪያ ተመርመር።

ሽንትህን ከ4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ስጥ፤ እንቁላሉ በብዛት የሚወጣው ያኔ ነው። ከመስጠትህ በፊት ትንሽ ተራመድ። መጨረሻ ላይ የምትወርደዋን ጠብታ እንዳትደፋት፣ እሷ ናት የምትፈለገው። በማይክሮስኮፕ ይዩልህ። የደም ግፊትህን ይለኩህ፣ ኩላሊትህን በደም ይመርምሩ፣ አልትራሳውንድ ካለም ተነሣ። ደሙ ሲጀምር ነው፣ ሲጨርስ ነው ወይስ ሽንቱ ሙሉውን ቀይ ነው ብለው ይጠይቁሃል። ልብ ብለህ እይና መልስ ይኑርህ። ምንም ካላገኙ "አልተገኘም" ተብለህ እንዳትመለስ፤ ቀጥሎ ምን ልመርመር በል፣ ሪፈር ጠይቅ። ሽንትህ ኮካ መስሎ ፊትህ ካበጠ ችግሩ ኩላሊቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ብርድ ብርድ ብሎህ ካተኮሰህ ወይም ሽንት ከዘጋህ ሌሊትም ቢሆን ሂድ።

ሌላም ነገር ሰምቻለሁ። ሲጋራ ጀምረሃል። አባትህ ወታደር ቤት የጀመረውን እስኪሞት አልተወውም። ሐኪሙ ያስረዳኝ እንዲህ ብሎ ነው፦ የሲጋራው መርዝ ከሳንባ ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ያጣራዋል፣ ፊኛ ውስጥ ከሽንት ጋር ይጠራቀማል። ሰው በጭስ ፊኛው ይታመማል ብሎ ማን ያስባል? ጣለው። በአባትህ አጥንት፣ ጣለው።

በቴሌብር 2000 ብር ልኬልሃለሁ። ለጓደኛ እንዳታበድር። ረግረጉ ውስጥ ዳግም እንዳትገባ፣ ከቧንቧ ቀድተህ ታጠብ። እህትህ ሽሮና ቆሎ እያዘጋጀች ነው።

የተበላሸ ልብስህን አጥበኸው ከሆነ ምንም አይደለም። ለሐኪሙ ግን የመጀመሪያውን ቀን ሳትደብቅ ንገረው። ቆመ ብለህ እንዳትተወው ልጄ።

ሰኞ 4 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ወረፋ ላይ ሆነህ አንሳልኝ።

እናትህ