ላም ልግዛ ወይ ላልሽኝ

ጓዴ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሰነበትሽ ማለቱም ያሳፍራል እንጂ፣ ስንት ጊዜ ሆነን። መስከረም ላይ በቴሌግራም የላክሽልኝን አይቻለሁ፣ አይታ ዝም አለችኝ ብለሽ እንደተቀየምሽም እናትሽ ገበያ አግኝተውኝ ነግረውኛል። ኧረ አልዘጋሁሽም። ሱሉልታ ኅዳር ላይ ምን እንደምትመስል ሐዋሳ ሙቀት ላይ ተቀምጠሽ ረስተሽው ይሆናል እንጂ፣ ዘንድሮ ላሞቹም በጎቹም ባንዴ ወለዱ፣ ውርጩ ገባ፣ ጾሙ ገባ፣ መብራቱ ደሞ እንደፈለገው ይመጣል ይሄዳል፣ እኔም ቦቲ ጫማዬን አልጋ ስር አድርጌ የምተኛ ሰው ሆኛለሁ።

«ሁለት የፈረንጅ ላም ገዝቼ እናቴ ግቢ ባስራቸው ምን ትያለሽ» ነበር ጥያቄሽ። አዎ ወይ አይ ከማለቴ በፊት የዘንድሮውን ወሊድ ላውራሽ፣ ምክንያቱም ሰው ሁሉ ላም ሲያስብ የሚያስበው ወተቱን ነው፣ በቀን ይሄን ያህል ሊትር፣ ሊትሩ ይሄን ያህል ብር እያለ ስልኩ ላይ ሲያባዛ ይውላል፣ ወተቱ የሚመጣው በወሊድ በኩል መሆኑን ግን ማንም ሂሳብ ውስጥ አያስገባውም።

ዳማን ታስታውሻታለሽ አይደል፣ ያቺ ባልዲ የምትራገጠዋ። አራተኛዋን ወለደች፣ ማታ ላይ ቁጭ ብድግ አለች፣ ያለማንም እርዳታ ዱብ አደረገቻት፣ ጥጃዋም ሴት፣ እልል ብለን አጥብተናት ገብተን ተኛን። ጠዋት ስወጣ ላሟ ወድቃለች፣ አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ፣ ጆሮዋን ስነካው ቀዝቅዟል። ባለቤቴ ብርድ መቷት ነው ብሎ የኛን ብርድ ልብስ አለበሳት፣ አንዱ ጎረቤት ቡዳ ነው አለ፣ ሌላዋ አረቄ ጋቷት አለች። ነገሩ ካልሲየም ነው። ብዙ የምትታለብ ላም በወለደች ሰሞን ደሟ ውስጥ ያለው ካልሲየም ወደ ወተቱ ይሄድባትና ጡንቻዋ አልታዘዝ ይላታል፣ ሦስት አራት የወለደች ላይ ይብሳል፣ ቶሎ ካልተደረሰላት ትሞታለች። መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም፣ አንድ ጠርሙስ ነው፣ ግን በዛን ቀን እዚህ ያለው መድኃኒት ቤት ሁሉ ጨርሷል፣ ሐኪሙ ሌላ ቀበሌ ክትባት ላይ ነው፣ በስንት ልመና ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ሹፌር እጅ ተላከልን። ሐኪሙ መጥቶ ጠርሙሱን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሮ በአንገቷ ደም ስር ቀስ እያለ ሰጣት፣ ልቧን እያዳመጠ፣ ቶሎ ከገባ ልብ ያቆማል አለን። እኔ ጠርሙሱን ወደ ላይ ይዤ እጄ ደነዘዘ። ገና ሳያልቅ መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ አገሳች፣ ከዛ እበቷን ጣለች፣ በእበት እንደዛ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም! ትንሽ ቆይታ ተነሳችና ባልዲውን ረገጠችው።

የጊደሯ ግን ሌላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ ጊደር መውጫዋ ጠባብ ነው፣ ትንንሽ ጥጃ የሚያስወልድ ኮርማ ዘር ነው የሚያስፈልጋት፣ የኮርማ ዘር በእጁ የሚያስገባላቸውን አዳቃዩን ስጠይቀው «ያለው ይሄ ነው» ብሎኝ ነበር። ምጧ ሌሊት ጀመረ፣ መብራት የለም፣ ሁለት የፊት እግር ወጥቶ ቆሟል፣ አፍንጫው የለም። አፍንጫውን እግሮቹ ላይ ተኝቶ ካላየሽው ራሱ ወደኋላ ተጠምዝዟል ማለት ነው፣ ዝም ብለሽ ከጎተትሽ እናትም ልጅም ታጫለሽ። ሐኪሙ ስልኩን አያነሳም፣ እሱም ሰው ነው ይተኛል፣ ስለዚህ ከጀርባችን ያሉትን ኦቦ ቀሰቀስናቸው። እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጠቡ፣ ቫዝሊን ተቀቡ፣ ምጧ ጋብ ሲል ጥጃውን ወደ ውስጥ መልሰው ገፉት፣ ራሱን አቃኑት፣ ከዛ ገመድ አስገቡ፣ ስታምጥ እንስባለን ስታርፍ እናርፋለን፣ እሳቸው በኦሮምኛ «ጀባዱ፣ ጀባዱ»፣ በርቺ በርቺ ይሏታል፣ እኔ የስልክ ባትሪ አበራለሁ። ወጣ፣ አይተነፍስም። ጭድ አፍንጫው ውስጥ ከተቱበት፣ አስነጠሰ። ከዛ እግሩን አንስተን ስናይ ወንድ!

ወንድ ጥጃ ለወተት ከብት በያዘ ሰው ቤት ምን ዋጋ አለው፣ ገዢ የሚሰጥሽ ብር የጠጣውን ወተት እንኳን አይመልስም። እንገሩን፣ የመጀመሪያውን ወፍራም ወተት ግን በደንብ ጠጥቷል፣ እሱ ላይ አልደራደርም፣ ወንድም ይሁን ሴት በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ማግኘት አለበት፣ 24 ሰዓት ካለፈ አንጀቱ ያንን በሽታ የሚከላከለውን ነገር አይቀበለውም። እዚህ ሰፈር አሁንም እንገሩን ቀቅለው ለሰው አብልተው ለጥጃው የተረፈውን የሚሰጡ አሉ፣ እጣላቸዋለሁ። ጊደሯ ደሞ በዛ ላይ የእንግዴ ልጁን አልጥል አለች፣ ድንጋይ እሰሪበት ያላለኝ ሰው የለም፣ አላሰርኩም፣ ማህፀኗን ይዞት ቢወጣስ። ሐኪሙ ሲመጣ መርፌ ወጋት፣ መርፌው አንቲባዮቲክ ስለሆነ ወተቷ ለሰው አይሰጥም፣ ደፋነው።

ሦስተኛዋ መንታ ወለደች፣ ሴትና ወንድ፣ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ይለናል፣ እኛ ግን ተያይተን ዝም። ከወንድ ጋር መንታ የሆነች ሴት ጥጃ ማህፀን ውስጥ ደማቸው ስለሚገናኝ ከአስሯ ዘጠኟ በላይ አትወልድም። ስለዚህ የተቆጠረችው ጊደር ጊደር አይደለችም፣ ለሥጋ ትደግ እንግዲህ።

የበጎቹን ባላወራሽ ይሻል ነበር። አንዷ ሁለት ወልዳ አንዱን ግልገል እየወጋች አባረረችው፣ ውርጭ ላይ አደረና ጠዋት አፉ ውስጥ ጣቴን ሳስገባ ቀዝቅዟል። የቀዘቀዘ ግልገል ወተት አይሰጠውም፣ መጀመሪያ ይሞቃል፣ ይሄን ትንሿ ልጄ ሳትቀር ታውቃለች፣ ምድጃ አጠገብ በሹራቧ ጠቅልላው ተቀመጠች፣ ራሱን ሲያነሳ በሃይላንድ ላይ ጡጦ ገጥመን አጠጣነው። አሁን ከኋላዋ ትምህርት ቤት ካልሄድኩ ይላል። ሌላው ግን አልተረፈም፣ አንዱን ደሞ ጅብ በላብን፣ ግንብ አጥር ባለበት ሰፈር ጅብ ከየት እንደሚመጣ እንጃ። ድሮ ድርቆሽ ይታጨድበት የነበረው ሜዳ እኮ አሁን ቤት ነው፣ ሸገር ከተማ ተብለናል፣ ድርቆሹን ከሩቅ ገዝተን ነው የምናበላው።

አሁን ደሞ ዋናው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገባ፣ እኛ ጡታቸው የተወጠረ ላሞች ይዘን ቆመናል። ወተት ሰብሳቢው ግማሹን ብቻ ነው የምረከበው አለ፣ ዋጋም ቀነሰ፣ መኖው፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ግን ጾም አያውቁም፣ ዋጋቸው እንዳለ ነው። የተረፈውን ንጠን ቅቤ አድርገን ለገና አስቀምጠናል፣ እጄ በመናጥ አለቀ። ይሄ ነገር የሚጀምረው የካቲት ላይ ነው፣ ላም እንደ ሰው ዘጠኝ ወር ታረግዛለች፣ የካቲት የተጠቃችው፣ ዘር የገባላት ማለቴ ነው፣ ልክ ጾም በር ላይ ትወልድልሻለች። ፋሲካ አካባቢ እንዲደርስልሽ ከፈለግሽ ሐምሌ ላይ ነው ማስጠቃት፣ እሱም ሲወራ ቀላል ነው፣ ላሟ ኮርማ የምትፈልገው ለጥቂት ሰዓት ነው፣ ጠዋት ካየሽባት ማታ አዳቃዩ መድረስ አለበት፣ እሱ ደሞ ወይ ዘሩን አቀዝቅዞ የሚያቆይበት ናይትሮጅን አልቆበታል ወይ እሁድ ነው፣ ካመለጠሽ 21 ቀን ትጠብቂያለሽ፣ እንዲህ እንዲህ እያልሽ መስከረም ይገባል።

እና የኔ ውድ፣ ሁለት ላም እናትሽ ግቢ አታስሪ። ላሟን የምትገዢው አንቺ፣ ሌሊት ተነስተው ኩራዝ ይዘው የሚያዋልዱት እሳቸው፣ በዛ ጉልበታቸው! ቁርጥ አድርጌ ነው የምነግርሽ፣ ብትቆጪም ተቆጪ። ብሩ ካለሽና ልብሽ ካልተመለሰ አንድ ግዢ፣ እኛ ጋ ትታሰር፣ ጥጃው እኩል፣ ወተቱን ተስማምተን። ስትገዢ ደሞ ነጋዴ የሚያሞግሳትን እርጉዝ ጊደር አትይልኝ፣ ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ የወለደች ፈልጊ፣ ማታና ጠዋት ስትታለብ በዓይንሽ እይ፣ አራቱንም ጡቷን ዳብሺ፣ የደነደነ ካለ ተያት።

ለገና ትመጫለሽ አሉ እናትሽ። ካልቀረሽ ከሐዋሳ ያንን እስከ ትከሻ የሚደርሰውን የሐኪም ጓንት አንድ ካርቶን ያዢልኝ፣ እዚህ ጠፍቷል፣ ካልሲየምም ሁለት ጠርሙስ፣ የሚያልፍበት ቀን ሩቅ የሆነውን አይተሽ። ሂሳቡን እዚሁ እንተሳሰባለን፣ ቅቤም አለልሽ። ስልኬ ካልሠራ የባለቤቴን ደውዪ፣ ሌሊትም ቢሆን ነቅተናል፣ አንዷ በግ ገና ቀርታለች።