የጓዳው አመድ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ባሕር ዳር ሁላችንም ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ነገር በስልክ ያላወራሁሽ ጎረቤት አጠገብሽ አይጠፋም ብዬ ነው። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ዓይንሽ እንዳይደክም ፊደሉን አግዝፌዋለሁ። የመሠረተ ትምህርት ንባብሽ ዛሬ ለእኔ ደረሰልኝ።

ነገሩ ስለ ቡናው ነው።

ሚጣ ክረምቱን አንቺ ጋ ስትከርም ስለ አውጫጭኝና ስለ ሌባ ሻይ አውርተሽላት ነበር አይደል? ድሮ አገሬው ተሰብስቦ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር ብለሽ። ሌባ ሻዩም መድኃኒት ጠጥቶ፣ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይሮጥና ከወደቀበት ቤት ሌባው ይያዛል ብለሽ። እሷም "የቤቱ ባለቤት ካልሰረቀስ?" ብላ ጠየቀችሽ። ስቀሽ ዝም አልሻት አሉ።

እማዬ፣ እኛም ያንኑ ነው ያደረግነው። ቡናው ጎደለ ስትዪኝ ውሃ የሚቀዳልሽን ልጅ ጠረጠርን። "አሰናብቺው" ያልኩሽም እኔው ነኝ። አቡነ በትረ ማርያም ከባረኩት ወዲህ በዘጌ በሬ አይጠመድም ትዪን አልነበር? ጤፉ የሚሸመተው በቡና ነው። እዚያ "የቡና ሌባ" የተባለ ልጅ በየት በኩል ቀና ብሎ ይሄዳል?

ሚጣ ግን ከጆንያው ላይ በከሰል ምልክት አድርጋ ነበር። ልጁ ከተባረረም በኋላ ጀንፈሉ መጉደሉን አላቆመም። መጀመሪያ ጦጣን ጠረጠረች። ወዲያው ደግሞ ተወቻት። "ጦጣ የምትወደው የቀዩን ቡና ጣፋጭ ልጣጭ ነው፤ ደረቁን ምን ታደርገዋለች?" አለችኝ። አይጥ እንዳይባል ጆንያው አልተቀደደም፣ ኩስም የለም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እኮ ናት! (የሂሳብ ውጤቷን ግን ባታይው ይሻላል።) አንድ ማታ የምድጃውን አመድ ነፍታ ጓዳው ደጃፍ ላይ በተነችው።

ጠዋት የባዶ እግር ዱካ አገኘች። ትንሿ ጣት በጎኗ ያለችው ላይ ወጥታለች። ማታ ማታ እግርሽን የምታጥብሽ እሷ ናት፤ አላጣችውም።

በማግስቱ ሳትተኛ ጠበቀች። በጨለማ ተነሥተሽ ቡናውን በእፍኝሽ እየዘገንሽ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ቋጠርሽው። ባዶው ጎታ ውስጥ ከተትሽው። ሲነጋ ብትጠይቅሽ ምንም አላስታወስሽም። ጎታውን ብታየው አምስት ቋጠሮ አለ።

ለማንም አልተነፈሰችም። ስንመለስ ጀልባው ላይ፣ የሞተሩ ጩኸት ሰው በማያሰማማበት ሰዓት፣ ጆሮዬ ላይ ተለጥፋ ነገረችኝ። "አያቴ አትታሰርም አይደል?" ስትለኝ ፊቴን ወደ ውሃው አዞርኩ።

አትደንግጪብኝ። ወጥ ጥደሽ ረስተሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድሽን፣ ሚጣን በእኔ ስም መጥራትሽን፣ ሁሉንም "እርጅና ነው" እያልኩ አልፌዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅዳሜ በጀልባ እመጣለሁ። ሰኞ እዚህ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን። "እኔ ምን ሆኜ?" የምትዪውን ከአሁኑ ሰምቼዋለሁ፤ አይሠራም።

መጀመሪያ ግን ልጁ ቤት እንሄዳለን። እናቱ ባለችበት፣ ሲባረር ያየው ጎረቤትም እየሰማ፣ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የቀረበትን ደሞዝም ይዤለት እመጣለሁ። መናገሩ ከከበደሽ ስለ ሁለታችንም እኔ እናገራለሁ፤ አንቺ አጠገቤ ቁሚልኝ ብቻ።

ሚጣም መልእክት አላት። ጎታውን እንዳትነኪው ብላለች። ቋጠሮዎቹን ልጁ ራሱ በእጁ እንዲያወጣቸው ትፈልጋለች።

ልጅሽ