ከዌልስ ገጠር፣ ብሪታንያ፣ ለአባባ
ነሐሴ 2011 ዓ.ም. (2019 እ.ኤ.አ.)

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «እናንተ ጋ የፓርላማ ሰው በ700 ፓውንድ ይባረራል አሉ» ብለውኝ ነበር። እውነት ነው፤ ግን ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም።

እኔ ያለሁበት የምርጫ ክልል ብሬከንና ራድነርሺር ይባላል። በስፋት ከእንግሊዝም ከዌልስም የሚበልጠው የለም። ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ያለው ተራራና በግ ነው። መንዝን ያስቡና ዝናብ ይጨምሩበት።

ተመራጩ ክሪስ ዴቪስ የወግ አጥባቂው ፓርቲ ሰው ናቸው። ለቢሯቸው ግድግዳ በ700 ፓውንድ ፎቶ ገዙ፤ መግዛታቸው ጥፋት አልነበረም። ወጪውን ለሁለት በጀት ለማካፈል ብለው ግን ሁለት የሐሰት ደረሰኝ አቀረቡ። ፍርድ ቤት ቀርበው አመኑ፣ ተቀጡ። እንዲህ ሲሆን ሕጉ ሕዝቡን ይጠይቃል፤ ከክልሉ መራጭ ከመቶ አሥሩ ከፈረመ ወንበሩ ክፍት ይሆናል። 10,005 ሰው ፈረመ፤ ከመቶ 19 ገደማ ማለት ነው።

አሁን ይስሙኝ። በማሟያ ምርጫው ፓርቲያቸው ማንን ቢያቀርብ ጥሩ ነው? እሳቸውኑ! ሕጉ አይከለክልም።

ምርጫው ሐምሌ 25 ቀን 2011 ዓ.ም. ተደረገ። የሊበራል ዴሞክራቷ ጄን ዶድስ በ13,826 ድምፅ አሸነፉ። ዴቪስ 12,401 አገኙ። ሌባን ሕዝብ ቀጣው ይሉ ይሆናል፤ እኔ ግን አይመስለኝም። እንደ ዴቪስ ፓርቲ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት እንድትወጣ የሚፈልገው የብሬግዚት ፓርቲ 3,331 ድምፅ ወስዷል። ያ ድምፅ ለዴቪስ ቢሄድ ኖሮ ሰውየው ዛሬም ፓርላማ ነበሩ። መውጣቱን በሚቃወመው በዶድስ ወገን ደግሞ የዌልሱ ብሔርተኛ ፓርቲ ፕላይድ ከምሪና አረንጓዴዎቹ ድምፅ እንዳይከፋፈል ብለው ዕጩ ሳያቀርቡ ቀሩ። ደረሰኙ ምርጫውን አመጣው እንጂ አልወሰነውም። የወሰነው ማን ለማን ቦታ ለቀቀ የሚለው ነው።

በግ አርቢዎቹም ግራ ገብቷቸዋል። ከአውሮፓ ኅብረት ያለ ስምምነት ከተወጣ ወደዚያ በሚላከው ሥጋ ላይ ከባድ ቀረጥ ይመጣል። ሆኖም አካባቢው በ2016 እ.ኤ.አ. ሕዝበ ውሳኔ በጠባብ ብልጫ የመረጠው መውጣትን ነው።

እኔማ አልመረጥኩም፤ ዜግነቱ ገና የለኝም። አብራኝ የምትሠራው ኬንያዊት ግን ያለ ዜግነት መርጣለች። አገሯ የኮመንዌልዝ፣ ማለትም በአብዛኛው የብሪታንያ ቅኝ የነበሩ አገሮች ማኅበር፣ አባል ስለሆነች ይፈቀድላታል። እኛ ቅኝ ባለመገዛታችን የቀረብን ነገር ቢኖር ይሄ ነው ብያት ስንስቅ ዋልን። እርስዎ ግን ይህን ለጎረቤት እንዳያወሩብኝ።

ለንደን ላይ የዴቪስ ፓርቲ መሪ ቦሪስ ጆንሰን የጠቅላይ ሚኒስትርነቱን ሥልጣን በያዙ በሁለተኛው ሳምንት ይህን ወንበር አጡ። በፓርላማ ያላቸው ብልጫ አሁን የአንድ ሰው ብቻ ነው። በቅርቡ አገር አቀፍ ምርጫ ይጠራል የሚሉ እዚህ ብዙ ናቸው። ከተጠራ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይጠብቁ።

የግፊት መድኃኒትዎን እንዳያቋርጡ። ሲያልቅ ለእህቴ ይንገሯት፤ ብሩን ልኬላታለሁ። እማማን ሳሙልኝ።

ልጅዎ