ማርች ሳይገባ፦ ለሙሉጌታ ስለ ኤላት ወፎች

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሉጌታ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰቡስ? ከተጻጻፍን ብዙ ጊዜ ቢሆንም ናፍቆቴ እንዳለ ነው። ከኔታኒያ ሰው አሰባስበህ በፀደይ የሚያልፉትን ዘማሪ ወፎች ለማየት በእስራኤል ደቡብ ጫፍ ወዳለችው ወደ ኤላት ልትወርድ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ቀኑ ሳይደርስ የማውቀውን ልንገርህ።

ከማርች አጋማሽ እስከ አፕሪል አጋማሽ ያለውን ጊዜ ምረጡ። የፔሳሕን፣ የአይሁድ ፋሲካን ሳምንት ግን ተዉት፤ ከተማው ይጨናነቃል፣ ማደሪያውም ይወደዳል። ከቴል አቪቭ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በዋዜማው ገብታችሁ እደሩ። ትንንሾቹ ወፎች የሚጓዙት ሌሊት ነው፤ ሲነጋ ያገኙት ቁጥቋጦ ላይ ወርደው ይለቅማሉ። ፀሐይ ከወጣች ሦስት አራት ሰዓት ሲያልፍ ሙቀቱ ስለሚበረታ ጥላ ገብተው ዝም ይላሉ። ቁርሱን ተረጋግቶ በልቶ የሚወጣ ቡድን ባዶ ዛፍ ነው የሚጠብቀው።

ነፋሱንም እዩ። ከደቡብ ሲነፍስና ሰማዩ ሲጠራ ከኋላ ስለሚገፋቸው ብዙዎቹ ሳያርፉ ያልፋሉ። የሰሜን ነፋስ ሲበረታ ግን ከፊት ይመታቸውና ይወርዳሉ፤ ለእናንተ የሚበጀው ያ ቀን ነው።

ከከተማው በስተ ሰሜን፣ በዮርዳኖስ ድንበር አጠገብ ያለው የወፎች መጠለያ ዋናው ቦታችሁ ይሁን። ድሮ ቆሻሻ መጣያ የነበረ መሬት ነው፤ ዛሬ ዛፍና ኩሬ አለው። ከኢትዮጵያና ከሱዳን የተነሣች ወፍ 2000 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አብዛኛውን በረሃ፣ አቋርጣ እዚህ ስትደርስ ስቧን ጨርሳለች። አሥራ ጥቂት ግራም የምትመዝን ፍጥረት ናት፤ ባስበረገጋችኋት ቁጥር ለቀጣዩ መንገድ የምትሰንቀው ይባክናል። ስለዚህ አታሳድዷት። ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጋችሁ በአንድ ቁጥቋጦ ፊት ሃያ ደቂቃ ቁሙ፤ ራሷ ትወጣለች። የወፍ ድምፅ ከስልክ ከፍቶ መጥራት ፈጽሞ ክልክል ይሁን፤ መብላቷን ትታ ባላንጣ ፍለጋ ትወጣለችና። ጠዋት ወፎችን በመረብ ይዘው እግራቸው ላይ ቀለበት የሚያስሩ ባለሙያዎች ካገኛችሁ፣ መረቡን ሳትነኩ ቆማችሁ ተመልከቱ።

በአንድ መሪ ከስምንት ሰው አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ የኋለኛው ሲደርስ ወፏ ሄዳለች። ባይኖኩላር ለእያንዳንዱ አንድ፣ 8 በ42 የሚባለው፣ ማለትም 8 ጊዜ የሚያጎላና የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን። 10 ጊዜ የሚያጎላው የእጅን መንቀጥቀጥም ያጎላል፣ የሚያሳየው ስፋትም ይጠባል። የቀኙን መስታወት ሸፍናችሁ በግራ ዓይን ብቻ አንድ ቅጠል እያያችሁ የመሃሉን ጎማ አዙሩ፤ ቀጥሎ ግራውን ሸፍናችሁ የቀኙን ዓይን ቀለበት አስተካክሉ። ሁለት ሰው ሲጋራው ይህ ልክ በየጊዜው ይፋለሳል። ወፏን በባይኖኩላር አትፈልጓት፤ በባዶ ዓይን ካገኛችኋት በኋላ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ወደ ፊታችሁ አንሡት።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ወፏ ዛፉ ላይ ያለችበት የሚነገረው ዛፉን እንደ ሰዓት ገጽ ቆጥሮ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ሲሆን አጭሩ ዘንግ 9 ላይ ስለሚያርፍ፣ ግማሹ ሰው ወደ ቀኝ ግማሹ ወደ ግራ ያያል። የሰዓቱ ገጽ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ ጥሩ።

ከሁሉ የሚያደናግሩት ሁለት አረንጓዴ ቡናማ ትንንሾች ናቸው። እግሩ የጠቆረውና ጅራቱን ደጋግሞ ወደ ታች የሚነቀንቀው ቺፍቻፍ የሚባለው ነው፤ ክንፉ ረዘም፣ እግሩ ፈካ ያለው ደግሞ ዊሎው ዋርብለር። ጥቁር ቆብ የደፋውን የብላክካፕ ወንድና ቡናማ ቆብ ያላትን ሴቷን ግን ልጅም ይለያቸዋል። ከኤላት በስተ ሰሜን በዓረባ ሸለቆዎች ያሉትን የግራር ዛፎች አትለፏቸው፤ ጭንቅላቷ ግራጫ፣ ጉሮሮዋ ነጭ የሆነችው ሌሰር ዋይትስሮት የምትባለው ወፍ አበባቸው መሃል ነፍሳት ትለቅማለች።

ውሃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ያዙ። ወደ ድንበሩ አጥር አትጠጉ፤ ወታደርም ፎቶ አታንሡ። በአይሁድ ሰንበት፣ ከዓርብ ማምሻ እስከ ቅዳሜ ማምሻ፣ አውቶቡስ እንደ ልብ ስለማይገኝ መመለሻችሁን በዚያው ልክ አስቡት። ቀኑን ስትቆርጥና የሰዉን ቁጥር ስታውቅ ጻፍልኝ፤ ሁለት ትርፍ ባይኖኩላር ስላለኝ አስቀድሜ እልክልሃለሁ።

ወንድምህ