የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ለምን አይዘቅጥም?

የሳይንስ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው አንድ ጥያቄ ላይ ነው። የወተት ቅባት፣ የጽሕፈት ቀለም ጥላሸት፣ የጎማ ዛፍ ወተት ውስጥ ያለው ጎማ፤ እነዚህ ሁሉ ውሃ ውስጥ አይሟሙም። ታዲያ ለምን አይዘቅጡም? ለምንስ እርስ በርስ ተጣብቀው አይጓጉሉም? በየሳምንቱ አዲስ ትርዒት ከማሳየት አንድ ጉዳይ ይዞ መሰንበት ይሻላል ብለን ነው የወሰንነው። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏቸው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ግን ከላብራቶሪ ማን ያስወጣቸው!

እንዲህ ያለው ድብልቅ ኮሎይድ ይባላል። ስያሜውን በ1861 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግራሃም ነው። ስኳር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ እስከ ሞለኪውል ድረስ ይበተናል። አሸዋ ደግሞ ወዲያው ቁጭ ይላል። ኮሎይድ በሁለቱ መሃል ነው፤ ቅንጣቶቹ ከ1 እስከ 1,000 ናኖሜትር ገደማ ይሆናሉ። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ስለሆነ በዓይን አይለዩም። ብርሃን ግን ያጋልጣቸዋል። ጥቅምት ላይ መጋረጃውን ዘግተን የሌዘር ብርሃን በጨው ውሃ አሳለፍን፤ መንገዱ አልታየም። ሌላ ውሃ ውስጥ አንድ ጠብታ ወተት ስንጨምር ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር እንደ ክር ተዘረጋ። ዕጣን ሲጨስ በመስኮት የሚገባው የፀሐይ ጨረር ጎልቶ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ ወደ ጭቃ ውሃ ሄድን። የግቢያችንን አፈር በውሃ በጥብጠን በሦስት የማር ጠርሙስ ቀዳን። አንዱን እንዳለ ተውነው፣ አንዱ ላይ ጨው፣ አንዱ ላይ ከመርካቶ የተገዛ ሺብ ጨመርን። ሺብ ያለበት ውሃ ውስጥ ወዲያው የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነገር መቋጠር ጀመረ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ከላይ ያለው ውሃ ጠራ። ጨው ያለበት ዘገየ። ምንም ያልተጨመረበት በማግስቱም ድፍርስ ነበር።

ምክንያቱ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። የሸክላ አፈር ቅንጣቶች ገጽ ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ፖዚቲቭ ቻርጅ ያለው አዮን (ቻርጅ የያዘ አቶም) ሲገባ ግፊያው ይደክምና ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ። ጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም አዮን አንድ ፖዚቲቭ ቻርጅ ይዟል፤ ሺብ ውስጥ ያለው የአሉሚኒየም አዮን ግን ሦስት። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሳይንቲስቶቹ ሹልትዝ በ1882፣ ሃርዲ በ1900 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት ቻርጁ ሲጨምር የማርጋት ኃይሉ በብዙ እጥፍ ያድጋል፤ ከአንድ ወደ ሦስት ሲሄድ በመቶዎች እጥፍ ይደርሳል። በዚህ ላይ አሉሚኒየሙ ከውሃው ጋር ተዋህዶ ዝልግልግ ነገር ይሠራና ቅንጣቶቹን ጠራርጎ ይወርዳል። የመጠጥ ውሃ ማጣሪያዎች የአሉሚኒየም ሰልፌት የሚጠቀሙት ለዚሁ ነው። አንድ ነገር ደጋግሜ ተናግሬያለሁ፣ እዚህም ልድገመው፦ የጠራ ውሃ ሁሉ የሚጠጣ አይደለም። ጀርም በዓይን አይታይም።

የዓመቱ ትልቁ ሥራችን የጎማ ዛፍ ነው። በአራት ኪሎና በፒያሳ የድሮ ግቢዎች ውስጥ ይህ ቅጠለ ሰፊ ዛፍ አይጠፋም፤ እኛም ግቢ አለ። የቅጠሉ ግንድ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያንጠባጥባል። ላቴክስ ማለት ይኸው ነው። ለፋብሪካ የሚሆነው የሌላ ዛፍ ወተት ነው፤ የአማዞኑ ሄቪያ። ከሄቪያ ወተት ከ30 እስከ 40 በመቶው ጎማ ነው። የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው።

ወላጆች ይህን ልብ በሉልኝ። ልጆቹ ጓንት አድርገው፣ መነጽር ለብሰው ነው የሠሩት። ቁልቋልና ቅንጭብን ፈጽሞ አልነካንም። የእነሱ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ቤት ውስጥ "እንሞክር" የሚል ልጅ ካለ አስቁሙት።

አንድ ጠብታ ወተት በብዙ ውሃ አቅጥነን ማይክሮስኮፕ ስር አደረግን። መጀመሪያ የታየው ሁሉም ቅንጣት ተሰልፎ ወደ አንድ ጎን ሲፈስ ነው። ልጆቹ ይኼው ተንቀሳቀሰ ብለው ጮኹ። እሱ ግን የምንፈልገው አይደለም። ውሃው ጠብታውን በከደነው ስስ የመስታወት ሽፋን ጠርዝ በኩል እየተነነ ቅንጣቶቹን ይጎትታል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከቦርሳዋ የጥፍር ቀለም አውጥታ የሽፋኑን ዙሪያ ቀባችው። ሲደርቅ ፍሰቱ ቆመ። ያኔ እውነተኛው ነገር ታየ፦ እያንዳንዱ ነጥብ ባለበት ይርገፈገፋል፣ ወደዚህ ይላል፣ ወደዚያ ይላል፣ ከጎረቤቱ ጋር አይስማማም። አያርፍም።

"ቲቸር፣ ነፍስ አለው እንዴ?" አለኝ አንዱ።

ይህን ጥያቄ ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውንም ጠይቆታል። በ1827 እ.ኤ.አ. ከአበባ ብናኝ የወጡ ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ አየ። ሕይወት ይሆን ብሎ ድንጋይ ፈጭቶ ሞከረ፤ ከግብጹ ስፊንክስ የተወሰደ ስባሪ ሳይቀር። ድንጋዩም ተንቀጠቀጠ። አንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. የውሃ ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው ስለሚመቷቸው መሆኑን በስሌት አስረዳ። ፈረንሳዊው ዣን ፔሪን ደግሞ ከ1908 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙከራ አረጋገጠ። የተጠቀመበት ጋምቦጅ የሚባል ቢጫ ነገር ነው፤ እሱም የደረቀ የዛፍ ወተት ነው። እኩል መጠን ያላቸውን ቅንጣቶች ለይቶ፣ ውሃው ውስጥ በየከፍታው ስንት እንዳሉ ቆጠረ። ወደ ላይ ሲወጣ ይሳሳሉ። እኛ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የምንተነፍሰው አየር ከባሕር ዳርቻው የሚሳሳውም በዚሁ ሕግ ነው። ከዚያ ቆጠራ የአቮጋድሮን ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ሞል ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች ብዛት፣ አሰላ። አቶም የለም ይሉ የነበሩ ብዙ ሳይንቲስቶች በዚህ አመኑ፤ ፔሪንም በ1926 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ። ከዛፍ በተንጠባጠበ ወተት የአቶም መኖር ተረጋገጠ ማለት ነው። እኔ ይህን ለስንተኛ ጊዜ ሳስተምረው አሁንም ይደንቀኛል።

ልጆቹ ግን በታሪክ ብቻ አልረኩም። እንደ ብራውን ነፍስ የሌለው ነገር እንሞክር አሉ። ጥላሸት ተመረጠ። የአንዱ ተማሪያችን አያት የቁም ጽሕፈት መምህር ናቸው፤ ብራና ላይ የሚጻፍበትን ጥቁር ቀለም ራሳቸው ያዘጋጃሉ። ጋበዝናቸው፣ እሺ ብለው መጡ። ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት፣ አርሮ የተፈጨ ገብስና የግራር ሙጫ ይዘው ነበር። ሙቀጫው ተራ በተራ ዞረ። ልጆቹ ደክሟቸው በቃ ሲሉ እሳቸው "ፍጩት ልጆቼ፣ ገና ነው" ይላሉ።

"የኔታ፣ ሙጫው ባይገባስ?" ብላ አንዷ ጠየቀቻቸው።

"ቀለም አይሆንማ፤ አመድ በውሃ ነው" አሉ።

ልክ ናቸው። ሁለት ጠርሙስ አዘጋጀን። ሙጫ የሌለበት ጥላሸት ከፊሉ ላይ ተንሳፈፈ፣ ከፊሉ በማግስቱ ታች ተከመረ። ሙጫ ያለበት እንደጠቆረ ቆየ። ማይክሮስኮፕ ስርም እንደ ዛፉ ወተት ሲርገፈገፍ ታየ። የነፍስ ጥያቄ በዚህ ተዘጋ።

ሙጫው ሌላም ነገር ገለጠልን። የሸክላ አፈሩን ያራራቀው ቻርጅ ነበር። ጥላሸቱን በዋናነት የሚያራርቀው ግን ልባስ ነው፤ የሙጫው ረጃጅም ሞለኪውሎች እያንዳንዱን ቅንጣት ለብሰው ሌላውን አያስጠጉም። የጎማ ወተት ደግሞ ሁለቱንም ይዟል። የሄቪያ የጎማ ቅንጣት ፕሮቲንና ቅባት ለብሷል፣ ልባሱም ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። አሲድ ሲጨመርበት ቻርጁ ይጠፋና ይረጋል፤ በእርሻ ላይ ፎርሚክ አሲድ የሚጨምሩት ለዚህ ነው። ፈሳሽ ሆኖ እንዲቆይ ሲፈለግ አሞኒያ ይጨመራል። ጓንትም ፊኛም የሚሠሩት እንዲህ ከቆየው ወተት ነው። የአሲዱን ነገር እኛ በላም ወተትና በአቼቶ አየነው፤ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) 4.6 አካባቢ ሲደርስ የወተቱ ፕሮቲን ቻርጁን ያጣና ይጓጉላል።

የካቲት ላይ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ጎብኝተናል። የብራና መጻሕፍቱ ፊት ልጆቹ የቆሙት ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ነው። በሰኔው የወላጆች ቀንም ሥራቸውን አቅርበዋል።

ለመጪው ዓመት የሽፈራው ዘርን መርጠናል። የተፈጨው ዘር ውስጥ ፖዚቲቭ ቻርጅ ያላቸው ፕሮቲኖች አሉ፤ ድፍርስ ውሃ ያጠራሉ። ከሺብ ጋር በአንድ ዓይነት አፈር፣ በአንድ ዓይነት ጠርሙስ እናወዳድራቸዋለን። የማይክሮስኮፓችን አምፖል ስለደከመ ትርፍ ያለው ወላጅ ቢተባበረን ደስ ይለናል። ምዝገባው መስከረም ላይ ላብራቶሪው በር ላይ ነው። ስትመጡ ክዳን ያለው ንጹህ ጠርሙስ ያዙ፣ ላቴክስ አለርጂ ያለባችሁም ቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ሌላ ዓይነት ጓንት እናዘጋጃለን።