የኢጣሊያ ዕዳ እንደ ችሮታ አይቆጠር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ከጀርመን ጋር የቋጨውን የቬርሳይን የሰላም ውል አስመልክቶ የወጣው ሐተታ፣ በ1913 ዓ.ም. በጀርመን ላይ የተቆረጠው 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ካሳ ለሁለተኛው ጦርነት መንገድ እንደጠረገ ያስረዳል። ክርክሩ የቆየ ነው፤ ብዙ ሊቃውንት ይደግፉታል፣ ብዙዎችም ይሞግቱታል። ነገር ግን ጸሐፊው ኢትዮጵያ ራሷ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከአሸናፊዎቹ ወገን ተሰልፋ ከኢጣሊያ ጋር የፈረመችውን ውል ሳያነሡ አልፈዋል፤ በዚያኛው ውል ላይ ደግሞ ያለው ቅሬታ ከበደ የሚል ሳይሆን አልተፈጸመም የሚል ነው።

ለጎንደር ሰው ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በአቅራቢያችን ያለው የቁልቋል በር ምሽግ ከወደቀ በኋላ የኢጣሊያው ጄኔራል ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን የሰጠው እዚሁ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ የኢጣሊያ ጦር የመጨረሻ ምሽግም በዚያ ቀን ተዘጋ። ዛሬም ፒያሳ ላይ ደብዳቤ ልንልክ የምንሰለፍበት ፖስታ ቤት ያ ዘመን ጥሎት የሄደው ሕንፃ ነው።

የኢጣሊያ የሰላም ውል የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ተፈረመ። ካሳው ሲደለደል ለዩጎዝላቪያ 125፣ ለግሪክ 105፣ ለኢትዮጵያ ግን 25 ሚሊዮን ዶላር ደረሳት። የመርዝ ጋዝ የዘነበበት፣ የየካቲት 12ን እልቂት ያየ አገር የዩጎዝላቪያን አንድ አምስተኛ ማግኘቱ በየትኛው ሚዛን ተመዝኖ እንደሆነ ለመረዳት ይቸግረኛል። ያም ቢሆን በ1948 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ወደ 16.3 ሚሊዮን ወርዶ፣ የቆቃ ግድብ ተሠራበት። ስለ ጦር ወንጀለኞች የሰፈረው አንቀጽ 45 ይባስ ብሎ ወረቀት ላይ ቀረ፤ ግራዚያኒ በ1942 ዓ.ም. በአገሩ ፍርድ ቤት የተቀጣው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ እንጂ አዲስ አበባ ላይ ባፈሰሰው ደም አልነበረም፣ እሱም ቢሆን ብዙ ሳይቆይ ተፈታ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን በተለይ አንቀጽ 37 ነው። ኢጣሊያ ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ የወሰደቻቸውን የጥበብ ሥራዎች፣ ንዋያተ ቅድሳት፣ የመዝገብ ሰነዶችና የታሪክ ቅርሶች ውሉ በሥራ ላይ በዋለ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳል። ቀነ ገደቡ መጋቢት 1941 ዓ.ም. ላይ አለቀ። የአክሱም ሐውልት የመጣው በ1997 ዓ.ም.፣ ማለትም ከ56 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ደግሞ ገና በ2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ሁለቱም ጊዜ በየመገናኛ ብዙኃኑ የሰማነው የወዳጅነት መግለጫና ምስጋና ነበር፤ የ18 ወሩን ግዴታ ያነሣ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ተበዳሪ ዕዳውን ዘግይቶ ሲከፍል እጅ የሚነሣ አበዳሪ የት አገር ታይቷል?

ወደ ቬርሳይ ልመለስ። የዚያ ውል አንቀጽ 246 በዛሬዋ ታንዛኒያ የሚኖረው የሄሄ ሕዝብ ንጉሥ የምክዋዋ ራስ ቅል፣ አንቀጽ 247 ደግሞ የቤልጂየም የመሠዊያ ሥዕሎች በስድስት ወር ውስጥ እንዲመለሱ ያዝዛሉ። የቤልጂየሞቹ ሥዕሎች ውሉ በጸና በዓመቱ ውስጥ አገራቸው ገቡ፤ የምክዋዋ ራስ ቅል ግን ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ) የደረሰው በ1946 ዓ.ም. ነው። ውሉ አንድ፣ ቀነ ገደቡም አንድ ነበር። የተለየው ከባለመብቱ ጀርባ የቆመው ኃይል ነው፤ ራይን ላይ የሰፈረው የአሸናፊዎች ጦር ለቤልጂየም እንጂ ለሄሄ ሕዝብ አልቆመም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ የአንቀጽ 37ን ሙሉ ቃል በአማርኛ እንዲያትምልን፣ የሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤትም እስካሁን የተመለሰውንና ያልተመለሰውን ዘርዝሮ ለሕዝብ እንዲያሳውቅ በእናንተ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የታሪክ መምህር፣ ከጎንደር